የሳይሌጅ ዱቄት፣ ሞላሰስና የእኔ ዝሆኔ ሳር፦ ከጅማ የአንዲት ወተት ሻጭ ግምገማ

ከጅማ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ዳር አራት የዲቃላ ላሞች አሉኝ፤ ሁለቱ ይታለባሉ። ወተቱን ጠዋት ጠዋት ለሦስት ቡና ቤቶችና ለጎረቤት አደርሳለሁ። ክረምት ላይ እዚህ ሳር አያስጨንቅም፤ ዝሆኔ ሳሩ ከሰው ቁመት ያልፋል፣ ደሾ የሚባለው ሳርም አጥሩን ተከትሎ ይንዠረገጋል። ጥር ሲገባ ግን ያ ሁሉ ልምላሜ ይደርቅና ጭድና ፉርሽካ ላይ እንወድቃለን። ሸጊቱ የምላት ላሜ ክረምት በቀን 14 ሊትር ትሰጠኝና የካቲት ላይ 8 ትደርሳለች። የግብርና ባለሙያዎች ገፈራ የሚሉትን፣ እኛ ግን ሳይሌጅ ብለን የለመድነውን፣ እርጥብ ሳርን አየር በሌለበት አፍኖ በማኮምጠጥ ለበጋ የሚቆይ መኖ መሥራት የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የምገመግመው ገንዘቤን ያወጣሁባቸውን ነገሮች ነው፦ «የሳይሌጅ ባክቴሪያ» ተብሎ በፓኬት የሚሸጠውን ዱቄት፣ በጀሪካን የሚሸጠውን ሞላሰስ፣ በመጠኑም ሳሩን በማሽን ቆራርጠው የሚጠቀጥቁልንን ወጣቶች። የሻጮቹን ስም አልጠራም። ብር በየወሩ ስለሚለዋወጥ ዋጋውን በወተት እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት በ2015 ነሐሴ ነው። ዝናቡ ጋብ ያለበትን ጠዋት ጠብቄ አሳጨድኩ፣ ወዲያው አስቆራረጥኩ፣ ዱቄቱን በቧንቧ ውኃ በጥብጬ ረጨሁና ስድስት ሰማያዊ በርሜል ሞላሁ። ሻጩ፣ «እናቴ፣ ይሄ ካለ ሌላ ምንም አይፈልግም፤ ሳሩ በራሱ ይኮመጥጣል» ብሎኝ ነበር። የከፈልኩት የሸጊቱን የሦስት ቀን ወተት ነው። ጥር ላይ ክዳኑን ስፈታ የከረፋ ቅቤ ሽታ ግቢውን ሞላው። ሳሩ ጠቁሮ እጅ ላይ ያሟልጫል፣ ከሥሩ ጥቁር ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ላሞቹ አንድ ጊዜ አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ። እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጥቤም ሽታው እስከ ማታ አልለቀቀኝም። ከስድስቱ በርሜሎች አምስቱን ወደ ማዳበሪያ ጉድጓድ ደፋሁ። በዚያ የካቲት የገዛሁት ጭድ የሁለት ወር ትርፌን በላው።

የወንድሜ ልጅ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይማራል። መጥቶ የኮምጣጣነት መለኪያ የሆነውን የፒኤች ወረቀት ነከረበት፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይበረታል፣ የእኔ ግን 6 ሊደርስ ምንም አልቀረውም። «አክስቴ፣ ይሄ አልኮመጠጠም፣ በስብሷል» አለኝና ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ያስረዳኝን ለናንተም ልንገራችሁ፤ ይህን ሳያውቁ ዱቄት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሳር አየር በሌለበት ሲታፈን የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በውስጡ ያለውን ስኳር በልተው ላክቲክ አሲድ ይሠራሉ። እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። ፒኤቹ ወደ 4 ሲወርድ የሚያበሰብሱት ተህዋስያን ሥራ ያቆማሉ፣ ሳሩም እስካልተከፈተ ድረስ ለወራት ይቆያል። ስኳሩ ካነሰ ግን በቂ አሲድ ሳይሠራ ያልቃል። ያኔ ተራው የክሎስትሪዲያ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከአፈርና ከአዛባ ጋር ይገባሉ፣ ውኃ የበዛበት ሳር ይስማማቸዋል፣ የተሠራውንም ላክቲክ አሲድ መልሰው በልተው ቡቲሪክ አሲድ ያደርጉታል። ቡቲሪክ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ቅቤ ከሚለው ቃል ነው፤ በርሜሌ የከረፋ ቅቤ የሸተተው ለዚህ ነው። ፕሮቲኑንም ሰባብረው አሞኒያ ያወጣሉ፤ አሞኒያው ደግሞ የቀረውን አሲድ ኃይል ያሳጣዋል፣ ፒኤቹም ተመልሶ ይወጣል። በጥሩ ሳይሌጅ ውስጥ ከጠቅላላው ናይትሮጅን በአሞኒያ መልክ የሚገኘው ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት። የእኔን ያኔ ያስለካው ሰው የለም፤ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ግን በቂ ምስክር ነበር።

እናቴ የም ናት። ቆጮ ስትቀብር ጉድጓዱን በኮባ ትለብጥና አምቃ ትረግጠዋለች፣ በላዩ ደግሞ ኮባ ደርባ ድንጋይ ትጭንበታለች። «ትንፋሽ ካገኘ አለቀለት» ትለን ነበር። ይህን እያየሁ አድጌ በርሜሎቼን ከአፋቸው አንድ ስንዝር ሲጎድሉ መክደኔ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከሳሩ ሥር አፈር እስኪነካ ድረስ ማጨዴም፣ ማሳው ላይ ከጥቂት ሳምንታት በፊት እርጥብ አዛባ ማፍሰሴም ክሎስትሪዲያውን በገዛ እጄ ከበርሜሉ የከተተ ነው። አሁን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጌ ነው የማሳጭደው።

ወደ ሳሩ ልመለስ። በ2016 ክረምት ልጁ የወርቅ ሚዛን የመሰለች ትንሽ ሚዛን ይዞ መጣና ከማሳው የመጣ 100 ግራም ዝሆኔ ሳር ከትፈን በለሰለሰ እሳት ምጣድ ላይ አደረቅነው። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም እያገላበጥን ደጋግመን መዘንን። የቀረው 18 ግራም ነው። የጎደለው 82 ግራም ውኃ ነበር ማለት ነው! ለሳይሌጅ የሚፈለገው ደረቅ ክፍል ከ25 እስከ 35 በመቶ ነው፤ ከ25 ሲያንስ ፈሳሹ ስኳሩንና ፕሮቲኑን ይዞ ከሥር ይወጣል፣ ክሎስትሪዲያም ይደሰታል። ከዚያ ደረቅ ክፍል ውስጥ ስኳሩ 6 በመቶ ነው ብንል፣ በጥሬው ሳር ላይ 1 በመቶ ብቻ ይሆናል። ያለ ምንም ተጨማሪ ነገር በደህና ለመኮምጠጥ ደግሞ ጥሬው ሳር 3 በመቶ ያህል ስኳር ሊኖረው ይገባል።

ዱቄቱን ከውጭ አገር መመሪያው ጋር የሚሸጡልን ሰዎች ይህን አይነግሩንም። የአውሮፓው ራይግራስ ስኳሩን የሚያከማቸው ፍሩክታን በሚባል፣ በውኃ በሚሟሟ መልክ ስለሆነ ባክቴሪያው በቀላሉ ያገኘዋል። ዝሆኔ ሳርን የመሰሉ የሞቃት አገር ሳሮች የሚያከማቹት በስታርች መልክ ነው፤ አብዛኞቹ የላክቲክ ባክቴሪያዎች ደግሞ ስታርች መስበር አይችሉም። ስለዚህ ዱቄቱን በእኔ ሳር ላይ ብቻውን መርጨት እርሾ ይዞ ሊጥ እንደማጣት ነው። ባክቴሪያው መጣ፣ የሚበላው ግን የለም።

አሁን ስለ ዱቄቱ ራሱ። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሙቀትና ፀሐይ ይገድለዋል። የመጀመሪያውን የገዛሁት ፀሐይ ከሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ ነበር። ሁለተኛውን ፓኬት ፍሪጅ ካለው ሌላ ሱቅ ገዛሁ፤ ዋጋው የአራት ቀን ወተት ሆነ። ልጁ ባሳየኝ መንገድ ሁለቱን አወዳደርኳቸው፣ ከመጀመሪያው ፓኬት የተረፈ ነበረኝና። ሳር ወቅጬ ጭማቂውን ጨመቅሁ፣ ስኳር ጨምሬ አፈላሁ፣ ቀዝቅዞ ለብ ሲል በሦስት ንጹሕ ጠርሙስ ቀዳሁ። በአንዱ ከአሮጌው ዱቄት፣ በአንዱ ከአዲሱ ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩ፣ ሦስተኛውን ባዶውን ተውኩት። በሁለተኛው ቀን ወረቀቱን ስነክር አዲሱ ወደ 4 ወርዷል፤ አሮጌው ከባዶው ጠርሙስ ጋር እኩል ነው። ፓኬቱ ሲሸጥልኝ ሞቶ ነበር ወይስ ቤቴ ከርሞ ሞተ፣ አሁን መለየት አይቻልም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ይህን ሙከራ ሳላደርግ ዱቄት በሳር ላይ አልረጭም። ወጪው አንድ ጭልፋ ስኳር ነው።

የበጠበጥኩበትም ውኃ ጥፋት ነበረው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪኑ የሚጨመረው ባክቴሪያ ሊገድል ነው፣ የእኛን ዱቄት መርጦ አይተውም። አሁን የምጠቀመው ከቆርቆሮ የወረደ የዝናብ ውኃ ነው። ፓኬቱ ላይ የባክቴሪያው ስምና ብዛት መጻፉንም ተመልከቱ። በመመሪያው መጠን ስትረጩት በእያንዳንዱ ግራም ሳር ላይ ቢያንስ 100,000 ባክቴሪያ ማድረስ አለበት። ስምና ቁጥር የሌለው ፓኬት አትግዙ።

ሞላሰሱ ላይ ያጋጠመኝ ሌላ ነው። ሞላሰስ የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ነው፤ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። 100 ኪሎ ሳር ላይ 4 ኪሎ ብትጨምሩ 2 በመቶ ገደማ ስኳር አከላችሁ ማለት ነው፤ የእኔ 1 በመቶ 3 የሚሞላው በዚህ ነው። ይህ ሂሳብ በተነገረኝ ቀን ያለፈው ዓመት ኪሳራዬ ሁሉ ፍንትው ብሎ ታየኝ። የመጀመሪያዋን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከአንድ ነጋዴ ስገዛ ግን ቶሎ ቶሎ መፍሰሱ አጠራጠረኝ። ሞላሰስ ከውኃ ይከብዳል፤ አንዱ ሊትር 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ የሞላች 20 ሊትር ጀሪካን 28 ኪሎ ገደማ መሆን አለባት። የእኔ የጀሪካኗን ክብደት ቀንሼ 24 ኪሎ ሆነች። አስሉት፤ ግማሹ ውኃ ነው። መልሼ ወሰድኩለት። ነጋዴው አልተከራከረኝም፣ እሱም ከሌላ እንደገዛ ነግሮኝ ገንዘቤን መለሰልኝ። አሁን በኪሎ ካልተመዘነልኝ ሞላሰስ አልገዛም። ከሌላ ሰው ያገኘሁት 27.5 መዘነ፤ ለአንድ ጀሪካን የሁለት ቀን ወተት ከፈልኩ፣ ወደ 700 ኪሎ ሳርም ይበቃል። ሲረጭ እንዲመች ጥቂት ለብ ባለ ውኃ ማቅጠን ያስፈልጋል፤ ነገር ግን እርጥብ ሳር ላይ ብዙ ውኃ መጨመር የደከማችሁበትን ማጠውለግ ማበላሸት ነው።

ጥቅምት 2017 ላይ ሁለተኛውን ሠራሁ። ሳሩን አንድ ሜትር ገደማ ሲሆን አሳጨድኩና አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ እያገላበጥኩ አጠወለግሁት። ምጣዱ ላይ 27 ግራም ቀረ። ሚዛን የሌለው ሰው የተከተፈውን ሳር በጡጫው ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጭመቀው፤ ውኃ ከተንጠባጠበ ገና ነው፣ እጅ ሲከፈት ኳሱ ሳይፈስ ቀስ ብሎ ከተበተነ ደርሷል። በዚህ ጊዜ ካዘጋጀኋቸው አሥራ ሁለት በርሜሎች አራቱን ለሙከራ ለየሁ። አንዱ ባዶውን፣ አንዱ በዱቄት፣ አንዱ በሞላሰስ፣ አንዱ በሁለቱም። የቀሩትን ስምንት በሞላሰስ ብቻ ሞላሁ።

ቆራራጮቹ ሦስት ወጣቶች ናቸው፤ በቤንዚን የሚሠራ ማሽናቸውን በባጃጅ ጭነው ይመጣሉ። በቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ መድረሳቸው ሳሩን ሊያስመታብኝ ነበር፣ ደመናው ከብዶ ስለነበር ልቤ ተሰቅሎ ነው የጠበቅኋቸው። ሥራቸው ግን ይመሰገናል። ምላጩን ስለው ስለነበር ሳሩ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሆኖ ወጣ። ረጅም ሳር መሃሉ አየር ይይዛል፣ ቢረግጡትም ተመልሶ ይነሣል። በየስንዝሩ ቆመው እንዲረግጡ ለመንኳቸው፣ ረገጡልኝ፤ አንዱ በርሜል ወደ 100 ኪሎ ያዘ። ከእነሱ ጋር ስትዋዋሉ በርሜል ቆጥራችሁ ሳይሆን በቀን ክፈሉ፤ በበርሜል ከሆነ መርገጡ ይቀንሳል።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ከፈትኩ። ባዶው በርሜል ፒኤቹ 5 ገደማ ነው። እንዳለፈው ዓመት አልበሰበሰም፤ ማጠውለጉና መርገጡ ብቻውን ይህን ያህል አድኖታል። ግን ደስ አይልም፣ ላሞቹም ግማሹን ተዉት። ዱቄት ብቻ ያለበት 4.5 አካባቢ ሆነ፣ ይበላል። ሞላሰስ ያለበት 4 ሆኖ ቀለሙ ወደ ወይራ አረንጓዴ ያደላ፣ ሽታው የሰነበተ እርጎና ጠጅ የተቀላቀለበት መሰለኝ። ሁለቱም ያለበት ከ4 ጥቂት ወረደ፣ ከሁሉ የጸዳውም እሱ ነው። እናቴ ከእሱ ቆንጥራ አሽትታ «ቆጮ ሠራሽ እንዴ?» አለችኝ።

ከሁሉ ያማረው ይህ በርሜል ግን ከተከፈተ በሦስተኛው ቀን ሞቀ። እጄን ስከት እንደ ትኩስ አሬራ ነው። ሞላሰስ ብቻ ያለበት እስከ አራተኛው ቀን ማታ ቀዝቃዛ ነበር። ምክንያቱን ልጁ ነገረኝ፤ የገዛሁት ዱቄት ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የሚባለው ነው፣ ከስኳሩ ከሞላ ጎደል ላክቲክ አሲድ ብቻ ይሠራል። ፒኤች በፍጥነት ለማውረድ ጥሩ ነው። አየር ሲገባ ግን እርሾና ሻጋታ ላክቲክ አሲዱን ይበሉታል፤ የሚያግዳቸው አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የአቼቶው አሲድ፣ ጥቂት ነው። ቡክነሪ የሚባለው ሌላው ባክቴሪያ ላክቲኩን ከፊል ወደ አሴቲክ ይቀይራል፣ ስለዚህ የተከፈተ ሳይሌጅ ቶሎ አይሞቅም። በርሜሉን በሁለት ቀን ለሚጨርስ ሰው ፕላንታረሙ ይበቃል። እኔ ለሁለት ላሞች በቀን 20 ኪሎ ስለምሰጥ አንዱ በርሜል አምስት ቀን ይሄድብኛል፤ ለእኔ ቡክነሪ ያለበት ይሻላል፣ ካጣሁም ሞላሰስ ብቻ። ለአምስት ቀን የሚከፈት በርሜል ያላችሁ ሁሉ ይህን ሳታጣሩ አትግዙ።

ፎርሚክ አሲድ ልሽጥልሽ ያለኝም አለ። የጉንዳን መርዝ ውስጥ ያለው አሲድ ነው፤ በፊንላንድና በኖርዌይ እርጥብ ሳር ላይ በብዛት ይረጩታል። አሲድን በሳር ላይ መጠቀምን ያስፋፋው የፊንላንዱ ኬሚስት አርቱሪ ቪርታነን ነው፤ እሱ የተጠቀመው ሃይድሮክሎሪክና ሰልፈሪክ አሲድ ነበር፣ ሳሩን በአንዴ ከፒኤች 4 በታች ያወርደዋል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1945 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዋናነት በዚህ ሥራ ነው። የባክቴሪያውን ሥራ ሳይጠብቁ አሲዱን ራሱን ማፍሰስ ስለሆነ ስኳር ለሌለው ሳር ከሁሉ የታመነ ነው። ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ይዘጋል፣ ብረት ይበላል። እኔ ጓንትና የዓይን መነጽር የለኝም፤ ግቢዬ ውስጥም የልጅ ልጆች ይሮጣሉ። አልገዛሁም፣ በጀሪካን ሆኖ ቤት ውስጥ ከላምባ አጠገብ ሲቀመጥ ማየትም አልፈልግም። ዩሪያ ጨምሪበት ያሉኝም ነበሩ። ዩሪያ ለጭድ ነው፤ እርጥብ ሳር ላይ አሞኒያ ሆኖ አሲዱን ያጠፋዋል።

ስለ ወተቱ እንዲህ ነው። ሳይሌጅ የምሰጠው ካለብኩ በኋላ ነው፤ ከማለብ በፊት ከሆነ ሽታው ወተቱ ውስጥ ይገባል፣ የቡና ቤት ደንበኛም ወዲያው ያውቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ለአንዷ ላም በቀን 2 ኪሎ ጀምሬ ቀስ በቀስ 10 አደረስኩ። ፋጉሎውን አልቀነስኩም፤ ዝሆኔ ሳር ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፣ ሳይሌጅ ሲሆን አይጨምርም፣ የነበረውን ያቆያል እንጂ። ሸጊቱ ጥርና የካቲትን 12 ሊትር ላይ አለፈች። አምና በዚህ ጊዜ 8 ነበረች።

ለዱቄቱ ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ፤ ሕያው ከሆነና ስኳር ካገኘ ይሠራል። በኪሎ የተመዘነ ሞላሰስ አምስት። ቆራራጮቹ አራት፣ በሰዓታቸው ቢመጡ አምስት። አንድ ቀን የማጠውለጉን ፀሐይ ማንም አይሸጥልኝም፤ ለመጪው ክረምት ከጅማ ዝናብ የሚያስጥል የላስቲክ ዳስ ከማሳው ጎን ልሠራ እንጨት እያሰባሰብኩ ነው። የቀረችኝ አንዲት በርሜል ናት፣ ለፋሲካ ማግስት አስቀምጫታለሁ። ከዱቄቱ የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ደሾው ከመታጨዱ ሦስት ቀን በፊት ጠርሙሶቹን አውጥቼ እንደገና እፈትነዋለሁ።